ሂትሲንኩን ንካው፦ ዴስክቶፕ ሲግል ከየት እንጀምር?

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። እኔ ያለሁት ደሴ ነው፣ ኮምፒውተር ጠጋኟ ጓደኛችን ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ከኮምቦልቻ ናት። ዛሬ የምናወራው ፎቶኮፒ ቤቴ ውስጥ ስለደረሰ ነገር ነው። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። ገጹን እያስተካከልኩላት ሳለ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። መብራት አልጠፋም። ፕሪንተሩ በርቷል። የጠፋው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

እሷ፦ ሴቭ አድርገህ ነበር?

እሱ፦ ግማሹን ብቻ። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ወላሂ አንጀቴን ነው የበላችው። መልሼ ከፈትኩት። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ጠፋ።

እሷ፦ ከዚያስ?

እሱ፦ ባለሙያ ጠራሁ። ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት አደረገው። ከፈልኩ። በማግስቱ ያው ነው። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ መብራት የሚሰጠውን ሣጥን፣ ግዛ ተባልኩ። ያን ጊዜ ነው ለአንቺ የደወልኩት።

እሷ፦ ቫይረሷ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚያ ላይ ነውና። ተደብቆ የሚሠራ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ማለቴ ነው፣ መቶ በመቶ ሊያሠራው ይችላል፤ ያኔ ሙቀቱ ይጨምራል። ግን ማቀዝቀዣው ጤነኛ የሆነ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ መቶ በመቶ ቢሠራም መጥፋት የለበትም። ፕሮሰሰሩ በጣም ሲግል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰዉ ኮምፒውተሬ አረጀ የሚለው እዚህ ጋ ነው። ፍጥነት መቀነሱ ካልበቃ ደግሞ ራሱን ያጠፋል፣ እንዳይቃጠል። ፕሮሰሰር ከሚሠሩት ሁለት ኩባንያዎች የብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው፣ የኤኤምዲዎቹ ደግሞ 95 ወይም 90 አካባቢ።

እሱ፦ በስልክ መጀመሪያ ያልሽኝ ባዮስ ግባ ነው።

እሷ፦ አዎ፣ ባዮስ ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚገባበት የኮምፒውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ነው፤ ሙቀቱን ያሳያል። እንደበራ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 እየተጫንክ ትገባለህ። እዚያ ምንም ፕሮግራም የለም። ቫይረስ የሚባል ሰበብም የለም። ስንት አነበብክ?

እሱ፦ 71። ዓይኔ እያየ 78 ሆነ። ከዚያ 85። ደቂቃ እንኳ አልሞላውም። 90ን ሲያልፍ አጥፋው አልሽኝ።

እሷ፦ እኔን ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ አወጣጡ ነው። ሥራ ያልያዘ ዴስክቶፕ ከ30 እስከ 50 ባለው መሐል ቢሆን ደህና ነው። ሥራ ሲበዛበት 70ዎቹ ውስጥ ቢገባ፣ 80 ቢነካም አልደነግጥም። ግን ስንት ደቂቃ ፈጀበት? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

እሱ፦ እስቲ እሱን አብራሪልን።

እሷ፦ ሙቀቱ መንገድ አለው። ከፕሮሰሰሩ ይነሳል፣ በተርማል ፔስቱ፣ መሐላቸው በሚቀባው ሙቀት አሻጋሪ ቅባት፣ በኩል ወደ ሂትሲንኩ ይሻገራል። ሂትሲንክ ያ ከፋኑ ሥር ያለው ብዙ ክንፍ ያለው ብረት ነው። ከዚያ ፋኑ በአየር ይጠርገዋል። አሁን ክንፎቹ በአቧራ ተደፍነዋል እንበል። ሙቀቱ ብረቱ ድረስ ይደርሳል፣ መውጫ ብቻ ያጣል። ብረቱ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፤ አሥር፣ ሃያ ደቂቃ። ፕሮሰሰሩና ሂትሲንኩ ካልተነካኩ ግን ሙቀቱ መጀመሪያውኑ አይሻገርም። በሰከንዶች ውስጥ ይዘልላል።

እሱ፦ እንደ ምጣድ ማለት ነው። እሳቱ እየነደደ ምጣዱ በደንብ ካልተቀመጠ አይሰማም።

እሷ፦ ልክ ነህ! ስለዚህ አጥፋው፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ኬዙን ክፈትና ሂትሲንኩን በጣትህ ንካው አልኩህ። ባዮሱ 90 ብሎ ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ አልተነካኩም። ብረቱ ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ግን ችግሩ አየር ነው። ለዚህ ምርመራ አንድ ብር አታወጣም።

እሱ፦ ቀዝቃዛ ነበር። ለብ እንኳ አላለም። ያኔ ነው የገባኝ። ቀና አድርጌ ሳየው ሂትሲንኩ በአንድ ጎኑ ተንጋዷል። ከአራቱ የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ከቀዳዳው ወጥቷል። ሱቅ ስቀይር ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ በባጃጅ ነው ያመጣሁት፤ መንገዱ ሲያነጥረው የወጣ ይመስለኛል።

እሷ፦ የብዙዎቹ ኢንቴሎች ማቀዝቀዣ በእነዚያ አራት እግሮች ነው የሚያዘው። አናታቸው ላይ ያለችው ቀስት መፍቻውን ነው የምታሳየው፤ ማጥበቂያው ተቃራኒው ነው። ስትመልሳቸው በማዕዘን እያፈራረቅህ ተጫን። አንዱን፣ ከዚያ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን። ሁሉም ቀጭ ማለት አለባቸው። ተጭነህ ስትጨርስ ሂትሲንኩን ያዝ አድርገህ ነቅነቅ አድርገው። ከተወዛወዘ አልገባም።

እሱ፦ ዝም ብዬ እግሩን ብቻ ልመልሰው ነበር፤ አንቺ ከለከልሽኝ።

እሷ፦ አንዴ ከተላቀቀ ፔስቱ ይቀየራል። የድሮው ደርቆ እንደ ኖራ ሆኖ ነበር አይደል?

እሱ፦ ስፈቀፍቀው ተፈረፈረ።

እሷ፦ በጥፍር ወይም በቢላ አይፈቀፈቅም፣ ብረቱ ይጫራል። ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። 70 በመቶ አልኮል የሚለው ዓይነት ውሃም ስላለበት በደንብ ይድረቅ። የእጅ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፣ ዝልግልጉ ይቀራል። አዲሱ ፔስት የአተር ፍሬ ያህል መሐል ላይ ጠብ ይላል፣ በቃ። ፔስት ቅቤ አይደለም፣ ሲበዛ አይጠቅምም። ሥራው ሁለቱ ብረቶች መሐል ያለችውን ለዓይን የማትታይ ክፍተት መሙላት ነው። ከበዛ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ እባካችሁ ተዉ። ሲደርቅ የባሰ ነው።

እሱ፦ ኤኤምዲ ያላቸውስ?

እሷ፦ እሱ ላይ ሰዎች ያለቅሳሉ። ኤኤም 4 በሚባለው ዓይነት ከዋናው ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ፣ ጋር የሚሰኩት ቀጫጭን የብረት እግሮች ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው። ፔስቱ ከደረቀ ሂትሲንኩን ስትስብ ፕሮሰሰሩ አብሮ ይነቀላል፣ እግሮቹ ይጣመማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ አብርተህ ይሙቅ፣ ፔስቱ ይለስልስ። ከዚያ አጥፍተህ፣ ገመዱን ነቅለህ፣ ግራና ቀኝ ቀስ እያልክ ጠምዘዝ አድርገህ አንሳው። ቀጥ አድርገህ አትሳበው።

እሱ፦ ደሴ ብርድ ነው፤ ኮምፒውተር እዚህ አይግልም የሚል ሰው አለ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

እሷ፦ ብርዱ ይጠቅማል። ክፍሉ በአሥር ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ወደ አሥር ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ እኛ ኮምቦልቻ በበጋ የምናየው እሱን ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚጠርገው አየር ያነሰ ነው። ስለዚህ በብርዱ አትተማመኑ።

እሱ፦ ሌላው ደግሞ ዳንቴሉ ነው። እናቴ የሠራችውን ዳንቴል ኬዙ ላይ አልብሼው ነበር። አንቺ ፎቶውን አይተሽ ተቆጣሽ።

እሷ፦ ዳንቴሉ ያምራል፤ እጇን ይባርከው። ግን የላዩ ቀዳዳ አየር መውጫ ነው። በር ያለው ጠረጴዛ ውስጥ መክተትም እንደዚያው ነው፣ ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ቡና የሚፈላበት ቤት ደግሞ ጭሱና እጣኑ አቧራውን ያጣብቀዋል። እንዲህ ያለውን በትንፋሽ እፍ ብትለው አይለቅም፣ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ነው የሚያስለቅቀው።

እሱ፦ ጎሚስታ ጋ ወስደው የሚያስነፉስ?

እሷ፦ ይሄን ሳየው ያመኛል። አንድ ደንበኛዬ ከጎሚስታ መልስ ቀጥታ ወደ እኔ አመጣው። ማዘርቦርዱ ላይ የውሃ ጠብታ ነበር። ኮምፕረሰሩ ጋን ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ከአየሩ ጋር ይወጣል። ግፊቱም ፋኑን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። አነስ ያለ ብሎወር ካላችሁ በእሱ፤ ያኔም የፋኑን ክንፍ በጣት ያዝ አድርጉ። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ከቤት ውጭ።

እሱ፦ የኔው አሁን ባዮስ ላይ 41 ይላል። ኮር ቴምፕ የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጭኜ ሙሉ ቀን ፕሪንት ሳደርግ አይቼዋለሁ፤ 66ን አላለፈም። ፓወር ሰፕላዩ ያው የድሮው ነው። ልጅቷም ጽሑፏን አስጠርዛ ወሰደች፤ የጠፋባትን ገጽ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት።

እሷ፦ ደግ አደረግህ። ሁለተኛው ኮምፒውተርስ? እሱም ይግላል ብለኸኝ ነበር።

እሱ፦ እሱ ጠዋት ደህና ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሠራ ነው ፋኑ መጮህ የሚጀምረው። ያልሽውን አድርጌ ነካሁት። ብረቱ ያቃጥላል።

እሷ፦ እንግዲያው ፔስት አትግዛ። ሰኞ ወደ ደሴ ስወጣ ብሩሼን ይዤ እመጣለሁ።