ፊልሙን ለቆራሌው አትስጡ

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ የድሮ የክፍል ጓደኞቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰን።

አዘጋጆቹ «የዋልታን የባሕር በረዶ ከሳተላይት እንዴት እንደምታጠኑ ንገሪን» ብለውኛል። እነግራችኋለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

መጀመሪያ ሥራው። አርክቲክ ላይ በረዶውን በመሰርሰሪያ ስንበሳው ውሃው በቀዳዳው ይወጣና ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከባሕሩ በላይ ያለችው ያቺ ስንዝር ብቻ ናት። ከሥር ዘጠኝ ያህል ስንዝር ተደብቋል። ክራዮሳት-2 የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) መጥቃ፣ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ይህቺን ስንዝር በራዳር ትለካለች። የበረዶውን ገጽ በስንጥቁ መሃል ከሚታየው ውሃ ጋር ታስተያያለች። አዲስ በረዶ ከላይ ወርዶ ከተጫነው ስሌቱ ይዛባል፤ ለዚህ ነው እኛ ወርደን የምንሰረስረው።

ስፋቱን የሚነግረን ደግሞ ማይክሮዌቭ የሚባለው፣ ዓይን የማያየው ጨረር ነው። በብርዱ ወራት እዚያ ፀሐይ አትወጣም፤ ደመናውም ብዙ ነው። ተራ ካሜራ ምንም አያይም። በረዶውና ውሃው ግን ከራሳቸው የሚያወጡት ማይክሮዌቭ ይለያያል፤ ጨለማ አያግደውም። ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ የተያያዘ መዝገብ ያለን በዚህ ነው። በመስከረም 2012 የአርክቲክ በረዶ ወደ 3.4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲወርድ ምን ያህል እንደጎደለ ያወቅነው፣ የቀደሙት ዓመታት ስለተመዘገቡ ነው።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር። መጀመሪያ የተቀጠርኩበትን መሥሪያ ቤት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን አልጠራም። ኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ክፍል እስከ ጣሪያዋ የአየር ፎቶ ፊልም ነበረባት። ክብ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ክዳኑ ላይ የበረራው ቀን በቀይ ተጽፎበታል። ስትከፍቱት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። አንድ ዓርብ «ክፍሉ ለቢሮ ተፈልጓል» ተባለ። ሰኞ ስገባ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል። «ጣሳዎቹስ?» አልኩ። «ለቆራሌው ተሰጡ።» በኪሎ ተመዝነው! ጥበቃው አንዱን ክዳን መተርኮሻ አድርጎት አየሁ። ቀዩ ጽሑፍ ገና አልጠፋም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ስለ ኒምበስ 1 ስሰማ ያ ሽታ ትዝ አለኝ። ይህቺ የአሜሪካ ሳተላይት በነሐሴ 1964 መጥቃ አንድ ወር ሳይሞላት ሥራዋ አከተመ። ምስሎቿ ፊልም ላይ ተቀድተው ከ40 ዓመት በላይ መጋዘን ተቀመጡ። የኮሎራዶ ተመራማሪዎች ጥቅሎቹን አስመጥተው ስካን አደረጉ። በመስከረም 1964 የአንታርክቲካ የባሕር በረዶ የት ድረስ እንደነበር ታወቀ። አንድ ወር ባልኖረች ሳተላይት! ፊልሙን የጣለ ሰው ስላልነበረ!

አሜሪካኖቹም ግን ያጠፋሉ። ኤፍ-20 የተባለችው ወታደራዊ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ተሠርታ አልቃ መጋዘን ነበረች። በረዶውን የሚያየው መሣሪያ አላት። ማምጠቂያ ገንዘብ ተከለከለችና በ2016 ተፈታታች። በዚያው ዓመት እህቷ ኤፍ-19 ጠፈር ላይ ተበላሸች! ይሄ ቁጠባ አይደለም፤ ጥፋት ነው! ያመለጠን ዓመት ማን ተመልሶ ይለካዋል? በየትኛው ገንዘብ ይገዛል?

ስለ አንታርክቲካ ባጭሩ፦ በመስከረም 2014 በረዶው ከ20 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር አለፈ፤ በመስከረም 2023 ግን 17 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክረናል።

እኛም በታኅሣሥ 2019 የራሳችንን ሳተላይት አምጥቀናል። ያነሳቻቸው ምስሎችም አንድ ቀን 40 ዓመት ይሞላቸዋል።

ከእናንተ መካከል አልጋ ሥር ፊልም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ፍሎፒ ያስቀመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ አትጣሉት። ደብተር ይዤ መጥቻለሁ። ቡናው ሲቀርብ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ምን እንዳላችሁና የት እንዳለ አስመዝግቡኝ።

አመሰግናለሁ።