ሰኔ 24 እና የአጥንት ከሰል

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ አዳማ በሚገኘው ቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ ነው የማወራችሁ። የከሰዓቱ ንፋስ መስኮቱን ሲመታ ብትሰሙ፣ ከተማዋን የምታውቁ ሰዎች አትደነቁም። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት አባል ስለሆንኩበት የበጎ አገልግሎት ክለብ፣ በተለይም ካዋጣነው ገንዘብ ለየትኛው ችግር ስንት እንደምንመድብ ስንወስን ስለምንሠራው አንድ ስህተት፣ ሳሰላስል የቆየሁትን ላካፍላችሁ።

ያደግኩት ከአዳማ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ወንጂ ነው። አብረውኝ ከተማሩት ልጆች የብዙዎቹ ጥርስ እንደ እኔው የበለዘ ስለነበር ቡናማው ቀለም የሰው ጥርስ ተፈጥሮ ይመስለኝ ነበር። ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን የጀመርኩት ለትምህርት አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ በክፋት ሳይሆን በየዋህነት፣ «አንተ ግን መፋቂያ አትጠቀምም?» ብሎ ከጠየቀኝ ቀን አንሥቶ ነው። ድዴ እስኪደማ ፋቅኩ፤ አልለቀቀም። ቀለሙ ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የገባ እንጂ ላዩ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ እንዳልሆነ ያወቅኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ምክንያቱ ውኃው ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ፍሎራይድ እያሟሟ ይይዛል፤ ፍሎራይዱን አስሮ ሊያስቀር የሚችለው ካልሲየም ደግሞ በዚሁ ውኃ ውስጥ አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢያችን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ቋሚ ጥርሳቸው በድዳቸው ውስጥ እየተሠራ ያሉ ሕፃናት ይህን ውኃ ሲጠጡ ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ለረጅም ዓመታት ብዙ ፍሎራይድ የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው ይጎዳል፤ የሚጎብጥም አለ። እናቶቻችን ለጥንቃቄ ብለው ውኃውን ያፈሉት ነበር፤ ማፍላት ግን ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ውኃ የሚጠጣው የአዳማ ነዋሪ ይህን ችግር በቀላሉ ይረሳዋል፤ የጉድጓድ ውኃ ከሚጠጡት የዙሪያው መንደሮች ግን አልራቀም።

ስለዚህ ክለባችን ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የውኃ ማጣሪያ ለመትከል ሲወስን፣ ከማንም በላይ እጄን ከፍ አድርጌ የደገፍኩት እኔ ነበርኩ። ማጣሪያው የሚሠራው በአጥንት ከሰል ነው፤ የከብት አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ይከስላል፣ ይደቅቃል፣ ውኃው በውስጡ ሲያልፍ ፍሎራይዱ በከሰሉ ላይ ይቀራል። በምረቃው ዕለት አንዲት አያት ቀረብ ብለው «ልጄ፣ በአጥንት ያለፈ ውኃ በጾም ይጠጣል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ከመካከላችን አንዳችንም ይህን ጥያቄ አስቀድመን አላሰብንበትም ነበር። የሰበካው ቄስ ተጠርተው፣ ጥቂት አሰላስለው፣ የከሰለ አጥንት ከእንግዲህ ሥጋ እንዳልሆነ ነገሯቸው፤ እኚህ እናት በመጀመሪያ የቀዱትን ጠርሙስ ግን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው እርሳቸው አልቀመሱም። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ባነሩ ፊት ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ሄድን።

የአጥንት ከሰል ይሞላል። የሚይዘውን ያህል ፍሎራይድ ከያዘ በኋላ ካልተለወጠ ወይም ታድሶ ካልተመለሰ ውኃው እንዳለ ያልፋል፤ ክፋቱ ደግሞ መልኩም ጣዕሙም ስለማይለወጥ ማንም አያስተውለውም። ቧንቧ ሲሰበር መምህሩ ስልክ ይደውላል፤ ከሰል ሲሞላ ግን የሚደውል የለም። የእኛም እንዲሁ ሞላ። ልጆቹ ማጣሪያ እያላቸው ያንኑ የጉድጓድ ውኃ ጠጡ።

ይህ ለምን እንደሆነ ሳስበው አንድ ቀን ላይ እደርሳለሁ፤ ሰኔ 24። ሮታሪ በሚባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አገልግሎት ማኅበር ክለቦች ልማድ የሥራ ዘመኑ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24፣ ሲሆን ሰብሳቢውም በየዓመቱ ይለወጣል፤ የእኛም ክለብ ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል። ሰው በሥልጣን እንዳይከርም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰብሳቢ በአንድ ዓመቱ ውስጥ የራሱን ሪባን መቁረጥ ይፈልጋል፤ ያለፈው ሰብሳቢ ለተከለው ማጣሪያ ከሰል መግዛት የማንንም ስም አያስጠራም። ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ልናዘዝ፤ በዚያ ዓመት ገንዘብ ያዥ እኔው ነበርኩ። «የከሰል መለወጫ» የሚለውን የበጀት መስመር ሰርዤ ገንዘቡን ለመስከረም የደብተር ስርጭት ያዞርኩት በገዛ እጄ ነው፤ በበለዘ ጥርሴ ፈገግ ብዬ።

ከእድራችን ጋር ሳነጻጽረው ይገርመኛል። እድር በየዓመቱ አዲስ ሐሳብ አያፈልቅም፤ ድንኳኑ ሲቀደድ ይሰፋል፣ ሳህኑ ሲጎድል ይገዛል፣ ወርኃዊው መዋጮ ደግሞ ለዚሁ እንደሚውል ማንም አይከራከርበትም።

በዓመታዊ ሰብሳቢ የሚመራ ማኅበር አንድን ዓላማ ለረጅም ጊዜ ሊይዝ አይችልም ማለቴ ግን አይደለም። ሮታሪ ፖሊዮን ለማጥፋት ዘመቻውን በስፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ በ1988 የዓለም አቀፉ ጥምረት ሲመሠረት በሽታው ከ125 በሚበልጡ አገሮች በዓመት 350,000 ያህል ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በኦገስት 25 ቀን 2020 ነው። ከ1985 እስከዚያ ቀን 35 ዓመት ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የክለቦቹ ሰብሳቢዎች በየዓመቱ ሲቀያየሩ፣ በሕፃኑ ምላስ ላይ የምትንጠባጠበው ክትባትና በትንሿ ጣቱ ላይ የሚደረገው ቀለም ግን አልተቀየሩም። ዓላማው ከሰብሳቢው ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር፤ «በእኔ ጊዜ ሌላ እንሞክር» የሚል ሰው ቢመጣም የሚነካው አልነበረም።

ሌሎቹን ሥራዎቻችንን በዚሁ ዐይን ማየት ጀምሬአለሁ። የተሽከርካሪ ወንበር እንሰጣለን፤ ጎማው በአዳማ ጠጠር ላይ ሲያልቅ የት እንደሚጠገን አንጠይቅም። የደም ልገሳ ቀን እናዘጋጃለን፤ ጤነኛ ለጋሽ በየሦስት ወሩ መስጠት ሲችል እኛ ግን በዓመት አንዴ፣ ባነር ሲኖረን ብቻ እንሰበሰባለን። ደብተሩን አልቃወምም፤ የሚያስጎመጅ ነገር ስላለው ብቻ እጠረጥረዋለሁ።

የከሰሉ ወጪ አሁን ከወርኃዊ መዋጯችን ላይ በቀጥታ ይቀነሳል፤ ውኃውንም በየሦስት ወሩ እናስመረምራለን። ሁለት አባላት «ክለቡ የውኃ ጽሕፈት ቤት ሆነ» ብለው መምጣት አቁመዋል፤ ቅሬታቸው ፍጹም መሠረት የለውም አልልም፤ ይህ ሥራ በርግጥም የእኛ ብቻ መሆን አልነበረበትም። የሚቀጥለው ሰብሳቢ ያን መስመር እንዳይሰርዘው የሚከለክል ነገር ግን በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ የለም። ማሻሻያውን አርቅቄ አስገብቻለሁ፤ ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ሐሙስ ነው። እስከዚያው ደህና ሁኑ።