ጥይት ማቆም አያቅትም፤ ኪሎው ነው ችግሩ

(ምስል፦ ፒያሳ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደጃፍ። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ከሩቅ ይሰማል።)

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የምናወራው ስለ ጥይት መከላከያ ልብስ ነው። በ1888 ዓ.ም ወደ ዓድዋ ከዘመቱት ብዙዎቹ ጋሻ ነበራቸው። ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ጋሻ ጦርና ጎራዴ ይመልሳል። የጠመንጃ ጥይትን ግን አይችለውም።

ወፍራም ብረት ይችለዋል። ግን ማን ይሸከመዋል? ጣጣው የቆየ ነው። ዳዊትም የሳኦልን ጥሩር ለብሶ መራመድ ቢያቅተው አውልቆታል።

(ምስል፦ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፎቶዎች)

ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የደረት ብረት አደሉ። ተለብሶ አይሮጥበትም፤ ስለዚህ በብዛት የለበሱት ዘብና መትረየስ ተኳሾች ናቸው። በሁለተኛው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አብራሪዎች ብረት የተሰፋበት ሰደሪያ ለበሱ። ለፍንጣሪ እንጂ ለጥይት አልነበረም። ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት የኮሪያ ጦርነት ደግሞ ናይሎንና ፋይበርግላስ መጣ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ስቴፋኒ ክወሌክ የተባለች የአሜሪካው ኬሚካል ኩባንያ የዱፖንት ኬሚስት ለመኪና ጎማ የሚሆን ክር ስትፈልግ ደፍረስ ያለ ፈሳሽ አገኘች። ክር የሚፈትለው ባልደረባዋ ማሽኑን ይደፍንብኛል ብሎ አመነታ። እሷ ግን አልለቀቀችውም። የወጣው ክር በእኩል ክብደት ከብረት 5 እጥፍ ይጠነክራል። ኬቭላር ማለት ይኸው ነው።

(ምስል፦ ኳስ ጎል ሲገባ፣ በዝግታ)

ኳሱን የሚይዘው አንድ ቋጠሮ አይደለም፤ መረቡ ሁሉ ይሳባል። ድርብርብ ኬቭላርም የሽጉጥ ጥይትን የሚይዘው እንዲሁ ነው። አልበሳውም ማለት ግን ሰውየው አልተጎዳም ማለት አይደለም። ጨርቁ ወደ ውስጥ ስለሚጎደጉድ የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል። ፊልም ላይ ተመትቶ ብድግ የሚለውን አክተር ተዉት!

ክላሽ ከመጣ ኬቭላር ብቻውን አይበቃም። ከፊትና ከኋላ የሴራሚክ ሰሌዳ ይገባል። ሴራሚኩ የጥይቱን ጫፍ ይሰባብራል፤ ራሱም ይሰነጠቃል። ስብርባሪውን ከጀርባው ያለው ክር ይቀበላል። በቬትናም ቀድመው የለበሱት የሄሊኮፕተር ሠራተኞች ነበሩ። ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ክብደቱ ያን ያህል አይከብድም። እግረኛው ዘንድ በሰፊው የደረሰው ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። አሜሪካኖች ኢራቅ ላይ የለበሱት ከሁለቱ ሰሌዳዎች ጋር 7 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝን ነበር።

(ምስል፦ ነጭ ሰሌዳ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ)

ይሄ ፖሊኢትሊን ነው፤ ዘሩ ከፌስታል ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ቀላል ነው፤ ነገር ግን የብረት እምብርት ያለው ጥይት ሊበሳው ይችላል። ስለዚህ ሴራሚክ አሁንም አለ። እሱም ቢሆን ከወደቀ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከውጭ ስለማይታይ ሰሌዳውን ኤክስሬይ ያስነሱታል።