ኬላው፦ የሰሃራ ጨውና የማሊ ወርቅ

[ምስል፦ ጠፍ በረሃ። ከሩቅ ነጫጭ ግድግዳዎች ብቅ ይላሉ።]

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እንላለን። በሰሃራ መካከል በነበረችው በተጋዛ ግን ጨው ጣፍጦም ድንጋይ ነበር። የመንደሯ ቤቶችና መስጊዷ የተሠሩት ከጨው ጥርብ ነው፤ ጣሪያቸው የግመል ቆዳ። ሞሮኳዊው መንገደኛ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1352 ከሞሮኮዋ የንግድ ከተማ ከሲጂልማሳ ተነሥቶ በ25 ቀን ደረሰባት። ዛፍ የላትም፣ ውሃዋ ጨዋማ ነው፣ ዝንቧ አይጣል! የሚኖሩባት ጨው ቆፋሪ ባሮች ነበሩ፤ ተምሩም ማሽላውም ከሩቅ ይመጣላቸዋል።

[ካርታ፦ ከተጋዛ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዋላታ የሚወርድ መስመር።]

አንድ የግመል ጭነት ጨው በበረሃው ደቡብ ጫፍ ባለችው የንግድ ከተማ በዋላታ ከ8 እስከ 10 ምስቃል ወርቅ ያወጣል፤ አንድ ምስቃል ከ4 ግራም ትንሽ ያልፋል። ያው ጭነት የማሊ መንግሥት መዲና ሲገባ 20፣ 30፣ ሲወደድም 40 ምስቃል ይሸጣል። እዚያ ጨዉን እየቆራረጡ እንደ ገንዘብም ይገበያዩበታል። አሞሌን ለምናውቅ ሰዎች ይህ አይደንቅም።

ዋጋውን የሚሰቅለው መንገዱ ነው። ነጋዴዎቹ ገና በረሃ ሳሉ ታክሺፍ የሚባል መልእክተኛ ይቀጥራሉ። ሰውየው ደብዳቤ ይዞ ብቻውን ቀድሞ ዋላታ ይገባል፤ የዋላታ ሰዎችም ውሃ ጭነው የ4 ቀን መንገድ ወጥተው ቅፍለቱን ይቀበላሉ። እርሱ በረሃ ከቀረ ግን የቅፍለቱን መምጣት የሚያውቅ የለም፤ ነጋዴው በውሃ ጥም ያልቃል። የኢብን ባቱታ ቅፍለት ለታክሺፉ 100 ምስቃል ከፍሏል፤ ዋላታ ላይ ቢያንስ የ10 ግመል ጨው ዋጋ መሆኑ ነው። መንገድ መሪያቸው ደግሞ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ሌላውም የታመመ ሰው ነበር። መንገዱን እንደ እርሱ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

[ምስል፦ ጨው የጫኑ አህዮች በከተማ በር ሲያልፉ።]

ነገሥታቱስ? እነርሱ ኬላ ያዙ። ከማሊ በፊት የነበረችው ጋና (የዛሬዋ ጋና አይደለችም፤ በደቡብ ሞሪታኒያና በምዕራብ ማሊ ነበረች) ከሚገባው እያንዳንዱ የአህያ ጭነት ጨው 1 ዲናር (የወርቅ ሳንቲም)፣ ከሚወጣው 2 ዲናር ትቀርጥ እንደነበር የአንዳሉሱ ጂኦግራፊ ጸሐፊ አል-በክሪ እ.ኤ.አ. በ1068 ጽፏል። ጨዉ የሰሜን፣ ወርቁ የደቡብ፤ ቀረጡ የንጉሡ።

የማሊ ነገሥታት ብልሃት ከዚህም ይጠልቃል። በ14ኛው መቶ ዘመን እንደ ጻፈው እንደ ዐረቡ ሊቅ አል-ዑመሪ ዘገባ፣ የወርቅ አገር ይዘው እስልምናን ባስፋፉ ቁጥር የሚወጣው ወርቅ ይቀንስባቸው ነበር። ስለዚህ ወርቅ አውጪዎቹን በእምነታቸው ትተው ግብር ብቻ ተቀበሏቸው። ነገሥታቱ ራሳቸው ሙስሊሞች ነበሩ፤ ሂሳቡን ግን አልሳቱትም።

ሁሉም የሚያወራለት የማሊ ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በዚህ መንገድ የተከማቸውን ወርቅ ነው እ.ኤ.አ. በ1324 ካይሮ ላይ የበተነው። የወርቅ ዋጋ ወደቀ፦ ካይሮ ላይ ቀድሞ ከ25 ዲርሃም (የብር ሳንቲም) የማይወርደው ምስቃል ከ12 ዓመት በኋላ እንኳ ከ22 አልዘለለም።

[ካርታ፦ የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ፤ የመርከብ መስመር።]

እ.ኤ.አ. በ1482 ፖርቱጋሎች በዛሬዋ ጋና ጠረፍ፣ ኤልሚና ላይ ምሽግ ሠርተው ወርቁን ከባሕር በኩል ይስቡት ጀመር። ኬላውን ዞሮ የሚያልፍ በር ተከፈተ። ማሊን የተካችው ሶንጋይ እ.ኤ.አ. በ1591 በሞሮኮ ጠመንጃ ተሸነፈች። ተጋዛም ባዶዋን ቀረች፤ ቆፋሪዎቹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሌላው የጨው ማውጫ ወደ ታውደኒ ወረዱ። ከታውደኒ ዛሬም የጨው ሰሌዳ እየተፈለጠ ወደ ቲምቡክቱ ይጫናል፤ አብዛኛው በከባድ መኪና፣ ጥቂቱ በግመል።