ረቂቅ እያለ እንምጣ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ብቻ ታገሡኝ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰፈራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ። የሊዝ ጨረታ መስሎኝ አንድም ቀን ቆሜ አላነበብኩትም። ለካስ የሰፈራችን የአካባቢ ልማት ፕላን ረቂቅ ለውይይት መቅረቡን የሚናገር ኖሯል! ሳነበው ቀኑ አልፏል። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱባት ሜዳ «ቅይጥ አገልግሎት»፣ ማለትም መኖሪያውም ሱቁም አብሮ የሚሠራባት ቦታ ተብላ ጸድቃለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ነው ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የጀመርኩት። አንዱ ባለሙያ በትሕትና «ጋሼ፣ ያኔ መጥተው ቢሆን ኖሮ እኮ...» አለኝ። «ኖሮ» የምትለዋ ቃል እንደዚያ ቀን አስጠልታኝ አታውቅም።

የዛሬው ነገሬም ይኸው ነው፤ ረቂቅ እያለ እንምጣ።

የከተማ ፕላን አዋጁ ቁጥሩ 574/2000 ነው። መዋቅራዊ ፕላን የሚለው፣ እኛ ማስተር ፕላን የምንለውን ነው። ከተማዋን በሙሉ ይይዛል፤ ለ10 ዓመት ያገለግላል። የአካባቢ ልማት ፕላን ግን ሰፈር ድረስ ይወርዳል። መንገዱ በማን አጥር በኩል ያልፋል፣ ፎቁ ስንት ወለል ይሆናል፣ እዚያ ላይ ነው የሚታየው። ሕዝብ ሳይወያይበት እንዳይጸድቅ አዋጁ ራሱ ይላል። እንግዲህ የማንም ችሮታ አይደለም።

ለውይይት ስትሄዱ የረቂቁ ካርታ ሲዘረጋ አትደንግጡ። መጀመሪያ መስጊዱን ወይ ቤተ ክርስቲያኑን ፈልጉ፤ ከዚያ በጣታችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ቀለሙን ከዳር ካለው መግለጫ ጋር አስተያዩ። የራሳችሁን አይታችሁ ግን እንዳትመለሱ። ከበላያችሁ ያለውንም እዩ። ያለነው ደሴ ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገት ላይ። ክረምት ሲገባ መሬቱ ሲንሸራተት ያላየ ማን አለ? ላይ ያለው አረንጓዴ ቦታ ለግንባታ ከተለወጠ፣ ጎርፉ የሚወርደው ታች ባለው ሰው ጓሮ ነው። ከዚያ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቻችንም የሚቀበሉት እኛን አልፎ የሄደውን ውሃ ነው።

ለልማት ተነሡ የሚል ትእዛዝ ከመጣባችሁ፣ የደረሳችሁበትን ቀን ጻፉ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቅሬታ የሚቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። እባካችሁ፣ ለቅሶ ቤት ስናማርር 30ው ቀን እንዳያልቅብን።

እኔ ሰኞ ሰኞ ሰሌዳውን አነባለሁ። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ በእድራችን ቴሌግራም እለቃለሁ። ሐሙስ ሐሙስ የሚያይልን ሌላ ሰው ያስፈልገናል። ማነው እጁን የሚያወጣ? ...እሺ፣ ሁለት አገኘን። በሉ፣ ቡናውም መጣ።