የሱለይማኒዬ መስጊድ የክፍያ መዝገብ
(በማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፣ ደሴ፣ በሊቀ መንበሩ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ።

ዱዓ አድርጋችሁ ጉባኤያችንን የከፈታችሁልን አባቶችና እናቶች፣ በዚህ ብርድ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ተነስታችሁ የመጣችሁ ግንበኞች፣ አናጺዎች፣ ድንጋይ ጠራቢዎችና መሐንዲሶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አቦሉ ተቀድቷል፤ ቶናው ሳይመጣ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ባለፈው ዓመት ሦስት ሆነን አንድ የሰፈር መስጊድ ለማስፋት ተጠርተን ሄድን። ጀመዓው በዝቷል፣ ጁምዓ ጁምዓ ሰዉ ውጭ ጭቃ ላይ ነው የሚሰግደው፤ ፎቅ ጨምሩልን አሉን። ፕላኑን አምጡ ስንል እርስ በርስ ተያዩ። መሠረቱ ስንት ሜትር እንደወረደ፣ ኮለኑ ውስጥ ስንት ቁጥር ፌሮ እንደገባ የሚያውቁት ፎርማን ካረፉ ቆይተዋል። ጥጉን ቆፈርን። አንድ ሜትር ሳንደርስ ግንቡ አለቀና ዋልካ መጣ። ጨበጥኩት፤ በጣቶቼ መሃል እንደ ሊጥ ወጣ። ፎቁ ቀረ፤ ሰዎቹም አዘኑብን። አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ያኔ እኔም ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። ግን ማን ይጽፋል?» አሉኝ።

ዛሬ ስለ አንድ ትልቅ መስጊድ የማወራችሁ በእሳቸው ጥያቄ ምክንያት ነው።

ኢስታንቡል ያለውን የሱለይማኒዬ መስጊድ የኦቶማን ቱርኮች ዋና አርክቴክት የነበረው ሚማር ሲናን እ.ኤ.አ. በ1550 ጀምሮ በ1557 ጨረሰው። ጉልላቱ ወደ ጎን 26 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ 53 ሜትር ይደርሳል፤ በእኛ ልክ 16 ፎቅ ገደማ። ያውም ያለ ፌሮ! እንዲህ ያለ ጉልላት ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል፤ ግድግዳውን ፈልቅቆ መውጣት ነው የሚፈልገው። ሲናን ከፊትና ከኋላ በግማሽ ጉልላት ደገፈው፤ ክብደቱን ቱርኮች «የዝሆን እግር» በሚሏቸው አራት ወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ አሳረፈው፤ የጎኑን ግፊት የሚሸከሙትን ድጋፎች ደግሞ ከግድግዳውና ከመተላለፊያው ጋር አዋህዶ ሰወራቸው። ገብቶ የሚሰግድ ሰው ጉልበቱ የት እንዳለ አያይም። ለእኔ የሙያው ጥግ ይኸ ነው።

ሌላም አለ። ድምፅ እንዳይታፈን ጉልላቱ ውስጥ የሸክላ ገንቦዎች ተቀብረዋል፤ አፋቸው ወደ ውስጥ ነው። በማይክራፎን ለተማመንን ለእኛ ይገርማል። የኩራዙን ጥቀርሻ ደግሞ ነፋሱ ከመግቢያው በላይ ወዳለች ክፍል እንዲወስደው ተደርጎ፣ ጥቀርሻው ተጠርጎ ለጸሐፊዎች ቀለም ይሆን ነበር ይባላል።

ግን እኔን ከሁሉም በላይ የገዛኝ መዝገቡ ነው። የዚያ ሥራ የክፍያ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። ማን እንደሠራ፣ በምን ሙያ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደተከፈለው ተጽፏል። የታሪክ ሰዎች አገላብጠውት፣ በደመወዝ ከሠራው ሙያተኛ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያን ሆኖ አገኙት። በዘመኑ ታላቅ የተባለውን የሱልጣን መስጊድ! በመርከብ ቀዛፊነት የተያዙ ባሮችም ድንጋይ ይጎትቱ እንደነበር ያው መዝገብ ነው ያጋለጠው። መዝገብ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ አይናገርም።

እኛስ? ወሎ ውስጥ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ድንጋይ ያቀብላል እንላለን። እውነት ነው፤ እኔ ራሴ በሁለቱም ላይ ቱምቢ ጥያለሁ። በአንድ ቅሬ የምንቀባበር ሰዎች ነን፣ ምን ይገርማል። ነገር ግን ነገ የልጅ ልጅ «ስም ዝርዝሩን አሳዩኝ» ቢል ምን እናሳየዋለን?

የመሬቱም ነገር አለ። እኛ ያለነው ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ምን እንዳደረጋት ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ሱለይማኒዬም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1766 በመሬት መንቀጥቀጥ ከፊል ጉልላቱ ወድቆ ተጠግኗል። ሊጠግን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ከሥር ምን እንዳለ ነው።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ አንድ ሐሳብ አቅርቧል። እያንዳንዳችን በያዝነው ሳይት የመሠረቱን ጥልቀት፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የፌሮውን ቁጥርና ርቀት፣ አርማታው የተሞላበትን ቀን፣ እንዲሁም የሠራተኛውን ስም ከአለቃ እስከ ቀን ሠራተኛ እንጻፍ። አንዱ ቅጂ ለአሠሪው፣ የመስጊድ ኮሚቴም ይሁን ሰበካ ጉባኤ ወይም ግለሰብ፤ ሌላው ቢሯችን ይቀመጥ። የፎቶ ኮፒው ከወርሃዊ መዋጮው ይሸፈናል።

አንዳንዶቻችሁ «ነገ ግንቡ ሲሰነጠቅ በራሳችን ጽሑፍ ልንከሰስ ነው» ብላችኋል፤ ሰምቻለሁ። አልደብቃችሁም፣ ሊሆን ይችላል። ባይጻፍም ግን ግንቡ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወፍራሙን ቁጥር 16 ፌሮ ያሰረውም ቀጭኑን ቁጥር 10 አስሮ የሄደውም እኩል ይታማሉ።

ሲናን ሱለይማኒዬን ሲጀምር ዕድሜው 60 ገደማ ነበር። ሥራዎቹን ሲመድብ ከዚያ በፊት የሠራውን የሸህዛዴን መስጊድ የለማጅነት፣ ሱለይማኒዬን የረዳትነት፣ በኋላ ኤዲርኔ ላይ የሠራውን ሰሊሚዬን የዋና ሙያተኛነት ሥራዬ ይላቸው እንደነበር ይነገራል። ይኸን የምለው «እኔ አርጅቻለሁ፣ መጻፍ ለወጣቶች» ላሉኝ ታላላቆቻችን ነው። መጻፍ ለማይመቸው ለማጁ ይጽፍለታል፤ እግረ መንገዱንም ይማርበታል።

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ጸሐፊያችን አሁን ያድላችኋል። ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን፤ እስከዚያ አንብባችሁ የጎደለውን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። የውሃ ማፋሰሻ የሚጻፍበት ቦታ እንደረሳን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት፤ ከእሱ ጀምሩ።

ቶናው መጥቷል።