ሐረግ መጀመሪያ ተክል ነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ማርቆስ)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከባሕር ዳርና ከዳንግላ ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። ጥቅምት ገብቶ ምን እንኳን አደረሳችሁ አለ አትበሉኝ። ከብዙዎቻችሁ ጋር ዐይን ለዐይን የተያየነው ገና ዛሬ ነው።

ንግግሬን አላረዝምም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው እንዲህ ሲል ማንም እንደማያምነው አውቃለሁ። ግን እሞክራለሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥፋት ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት የጥሪ ወረቀታችን ዙሪያው በአበባ ጌጥ የተከበበ ነበር። ትዝ ይላችኋል? ብዙዎቻችሁ "እጅህ ይባረክ" ብላችሁኛል። እጄ ምንም አልሠራም። ስልኬን ከፍቼ ፈለግኩ፣ መጀመሪያ የመጣልኝን አወረድኩ፣ ማተሚያ ቤት ላክሁ። ከወር በኋላ ያንኑ ጌጥ ሱቅ ውስጥ በሶፍት እሽግ ላይ አየሁት። አበባው ደግሞ በአገራችን ሜዳ አይቼው የማላውቀው ነው። የሥዕልና የጥልፍ ወዳጆች ነን እንላለን፤ ያውም ከመስኮታችን ውጭ ሜዳው በሙሉ ቢጫ በሆነበት ወር! በጣም አፈርኩ።

ስለዚህ ዘንድሮ ራሴን ቀጣሁ። ከመስከረም 1 ጀምሮ በየቀኑ ከቤት ወጥቼ አንድ የበቀለ ነገር አያለሁ፣ ያየሁትን እየደጋገምኩ ጌጥ አደርገዋለሁ። ትንሽ ካሬ ወረቀት፣ አንድ ጥቁር እስክሪብቶ። ላጲስ የለም። ይህን አሠራር እኔ አልፈጠርኩትም። ሪክ ሮበርትስና ማሪያ ቶማስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን "ዜንታንግል" ብለው ያስፋፉት ነው። ወረቀቱ በየጎኑ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገጹን በቀጭን መስመር ትከፋፍሉታላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በሚደጋገም ቀላል ቅርጽ ትሞሉታላችሁ። መስመር ቢበላሽ አይጠፋም። የሚቀጥለው መስመር ያቃናዋል።

ይህን መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ በአክርማው ላይ ስንደዶ እየጠመጠመች፣ በወስፌ እየወጋች፣ ከመሐል ተነሥታ እየዞረች ትወጣለች። አንዳንዴ ወሬ ይዟት ቀዩን አለላ ማስገባት ባልነበረባት ቦታ ታስገባዋለች። አትፈታውም። ዞራ ዞራ ትይዩው ቦታ ስትደርስ ያንኑ ስሕተት ትደግመዋለች። አንዴ ሲሆን ስሕተት ነው፤ አራት ቦታ ሲሆን ጌጥ ነው። ጎረቤት መጥታ "ይህን ከየት አመጣሽው?" ትላታለች። እናቴም ዝም ትላለች።

ወደ መስከረም 1 ልመለስ። የሠፈራችን ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይዘፍኑ ነበር። የጎጃም ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እንግጫውን ከአደይ ጋር ጎንጉነው ሲሄዱ ስንት ዓመት አይቻለሁ። እጄ ላይ ግን ይዤው አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ከአንዲት ትንሽ ልጅ አንድ ዘንግ ለመንኩና በጣቶቼ መሐል አሽከረከርኩት። ክብ አይደለም! ባለ ሦስት ጎን ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም እንደዚያው ነው፤ ዘንጉን ብትቆርጡት ሦስት ማዕዘን ይወጣችኋል። ስልሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሣር ክብ ነው ብዬ ስሥለው ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ወረቀቴ በሙሉ ሦስት ማዕዘን ሆነ።

በሁለተኛው ሳምንት አደይ አበባን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቅጠሎቿን ቆጠርኩ። አብዛኞቹ ስምንት ነበሩ። ቀጥዬ ከማሳ ዳር ኑግ ቆረጥኩ። በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶቻችን በመኪና መስኮት የኑጉን ማሳ አይተው "ውይ አደይ አበባ!" ይላሉ። አትፍረዱባቸው፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። የሱፍ አበባም ከእነሱው ወገን ነው። ይሄኔ የሒሳብ መምህሩ ነቃ።

ትልቅ የሱፍ አበባ አግኙና ፍሬዎቹን አተኩራችሁ እዩ። ከመሐል ወደ ዳር እየተጠመዘዙ የሚወጡ መስመሮች አሉ። አንደኛው ወገን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ። ብዙውን ጊዜ አንደኛው 34፣ ሌላው 55 ሆኖ ይገኛል። እነዚህ ቁጥሮች በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፤ እያንዳንዱ የቀደሙት የሁለቱ ድምር ነው። የሕንድ ሊቃውንት ቀድመው ያውቋቸው ነበር። ፊቦናቺ የሚባለው ጣሊያናዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1202 ስለ ጥንቸል እርባታ ባነሣው ጥያቄ ለአውሮፓ አስተዋወቃቸው። አበባዋ ግን ቁጥር አታውቅም። የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ ፍሬ ስታወጣ ካለፈው 137.5 ዲግሪ ያህል ዞራ ታወጣለች። ልክ ሩብ ዙር ብትዞር ኖሮ ፍሬዎቹ እንደ መስቀል በአራት መስመር ተሰልፈው በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ይቀር ነበር። በዚህች ቁርጥ በማትገባ አዟዟር ግን ክፍት ቦታ አይተርፍም። እናቴ ሰፌዱን ከመሐል የምትጀምረው፣ ሱፉም ከመሐል የሚዞረው፣ አንድ ዓይነት ችግር ስላለባቸው ይመስለኛል፤ ክብ ነገር ያለ ክፍተት መሙላት።

ንቦቹም እንደዚሁ። ጎጃም ተቀምጦ ስለ ማር ያላወራ ሰብሳቢ ይወቀሳል። የማር እንጀራው ስድስት ማዕዘን የሆነው ሰም ለመቆጠብ ነው። ሜዳን ያለ ክፍተት እኩል እኩል አድርገህ ስትከፋፍል፣ ትንሹን ግድግዳ የሚፈልገው ስድስት ማዕዘን ነው። ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ገምተው ነበር። በሒሳብ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ቶማስ ሄልስ በሚባል አሜሪካዊ። ንቦቹ ማስረጃውን አልጠበቁም።

የጮቄውን ጅብራ ሳልጠቅስ አላልፍም። ጮቄ ተራራ የወጣ ያውቀዋል። ቅጠሎቹ ከመሐል እየዞሩ ተደራርበው ይከፈታሉ። ብዙ ዓመት እንዲያ ይቆይና አንድ ቀን ረጅም የአበባ ዘንግ ይልካል፤ አንዴ አብቦም ይሞታል። ያን ቅርጽ በአንድ ወረቀት መጨረስ አልቻልኩም። አራት ወረቀት አበላሸሁ። አምስተኛው ከበር ላይ ተሰቅሏል፤ ስትወጡ እዩልኝ፣ አስተያየታችሁን ግን ለስለስ አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በብራና መጻሕፍት ላይ፣ በገጹ ራስጌ፣ የተጠላለፈውን ባለ ቀለም ጌጥ ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ፤ ሐረግ። ሐረግ ምንድን ነው? ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው። የዘርም ሐረግ አለን፣ የሰዋስው መምህራንም ሐረግ ይላሉ፤ ሁሉም ከዚያች ተክል የተበደሩት ነው። አባቶቻችን ለዚያ ጌጥ ስም ሲፈልጉ ከአጥራቸው አላለፉም። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም ሂዱ። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ፣ በድንጋዩ ላይ አበባ ተፈልፍሏል። ዛሬ እኛ የነሱን ሐረግ እየገለበጥን ነው። ያም ባልከፋ። የእኔ ችግር ግን እነሱ ያዩትን ሳናይ ጌጡን ብቻ መውሰዳችን ነው። ግልባጭ ሲገለበጥ ይደበዝዛል። ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ያውቀዋል።

በእግረ መንገዴ አንድ ነገር ላርም። በጥሪው ወረቀት ላይ "ጸደይ ሲገባ" ብለናል። መሪጌታ ቢያዩት ይቆጡን ነበር። በአባቶች አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አሁን ያለንበት መጸው ነው፤ መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ይህንን ወቅት ጸደይ ካለው ቆየ፣ እኔም አፌ ለምዶታል። አበባዋ ግን የትኛውም ስም ቢሰጣት አትጠብቀንም። ዘመነ ጽጌ 40 ቀን ነው፣ ኅዳር 5 ያበቃል። አደይም ከዚያ ብዙ አትቆይም። ስለዚህ ቸኩሉ።

ሥራ አስፈጻሚው አንድ ሐሳብ አለው። ዘንድሮ የጋራ ደብተር እንክፈት። እያንዳንዱ አባል ከአካባቢው ተክል፣ ከቅርፊት፣ ከተሰነጠቀ ዋልካ፣ ከፈለገው አንድ ጌጥ አውጥቶ ያስገባ። ከሥሩ የተክሉን ስም በሠፈሩ ሰው አጠራር፣ ያየበትን ቦታና ቀኑን ይጻፍበት። ጠላፊዎቻችንና ሸማኔዎቻችን ከዚያ ደብተር ይውሰዱ። የሚቀጥለው ዓመት የጥሪ ወረቀትም ከዚያው ይወጣል። እኔ ስልኬን እንዳልነካ ጸሐፊያችን ቃል አስገብተውኛል።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። ከዚያ በፊት ግን ቡናው እስኪፈላ 20 ደቂቃ አለን። ሁላችሁም ወደ ግቢው ውጡ። አንድ ቅጠል፣ አንድ አበባ፣ አንድ ሣር ያዙ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እዩት፤ ከዚያ ሣሉት። ጥቅምት ስለሆነ ይበርዳል፣ ጋቢያችሁን አትርሱ። ወረቀትና እስክሪብቶ በሩ ጎን ጠረጴዛው ላይ አለ። ላጲስ የያዘ ካለ እዚያው ያስቀምጥልኝ።

ጉባኤው ተከፍቷል።